አንዱ ሲሊንደር ሲያኮርፍ
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ስለ አሮጌ ተሽከርካሪዎች አያያዝ የቀረበ ንግግር





ከጠዋት ጀምሮ ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ እህል ገበያ በስፋት ተነግሯል። አሁን የሚቀርበው ከነዚህ ሁሉ አነስ ያለ ጉዳይ ይመስላል። ስለ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ሞተር ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ሞተር መቆራረጥ ምክንያት የአንድ ዩኒየን የዓመት የጥገና በጀት ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። አንድ ሾፌርም ቤንዚን ይቀዳል ተብሎ ተጠርጥሮ ከሥራ ሊሰናበት ደርሶ ነበር። የዩኒየኑም ሆነ የሰዎቹ ስም እዚህ አይነሳም፤ ነገሩ የብዙዎች ነውና።

መኪናው ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። ሞተሩ 22 አር የሚባለው፣ አራት ሲሊንደርና 2366 ሲሲ ያለው፣ በካርቡራቶር የሚሠራ የቤንዚን ሞተር ነው። ፋብሪካው ይህን ሞተር ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን እስከ 1990ዎቹ ድረስ ሠርቶታል። በጥንካሬው የተመሰገነ ስለሆነ ዛሬም ብዙ ቦታ ሲሠራ ይገኛል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተወሰነ ደግሞ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና አክሞ መያዝ የብዙ ባለንብረቶች ጉዳይ ሆኗል።

በሽታው የጀመረው በሰኔ፣ ምርጥ ዘር ወደየቀበሌው በሚጓጓዝበት ሰሞን ነው። ሞተሩ ጠዋት ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። በሚኒሞ ቆሞ ሳለ የማርሹ እጀታ እስኪርገበገብ ድረስ ይመታል። ዳገት ላይ ይቆራርጣል፤ ዝናብ ሲጥል ባደረ ቀን ደግሞ ይብስበታል። ሜዳ ላይ ፍጥነት ሲይዝ ግን ምንም ያልነካው ይመስላል። ሾፌሮች ይህን ዓይነቱን ሞተር «በሦስት ይሠራል» ይሉታል። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ አኩርፏል፣ ሦስቱ እሱንም ተሸክመው ይጎትታሉ ማለታቸው ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ ካንዴላዎቹን ቀየረ። መኪናው ሁለት ቀን ተሻለው፤ በሦስተኛው ቀን ተመለሰበት። ካርቡራቶሩ ወርዶ ታጠበ። አልዳነም። ኮይል ተገዛ። አልዳነም። የቤንዚንና የአየር ማጣሪያዎች ተቀየሩ፤ እንደገና ካንዴላ ተቀየረ። በአምስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አራት አራት ካንዴላ ተገዝቷል። የወጡት አሮጌ ካንዴላዎች በሙሉ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ተደባልቀው ነበር። የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ የመዘገበ ሰው አልነበረም። ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ የሚያስቆጨው ይህ ነው። ካንዴላ የሲሊንደሩን ውስጥ አይቶ የወጣ ምስክር ነው፤ ምስክሮቹን ሳይጠይቁ አሰናበቷቸው።

በዚህ መካከል የነዳጅ መዝገቡ ሌላ ነገር ማሳየት ጀመረ። ቀድሞ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው መኪና ወደ 6 ወረደ። የሒሳብ ክፍሉ ቁጥሩን አይቶ ለሥራ አስኪያጁ ጻፈ። ሾፌሩ ተጠየቀ፤ «ሞተሩ ነው» አለ። የቁጥጥር ኮሚቴው ግን ሞተሩ ተጠግኗል የሚል ሦስት ደረሰኝ በእጁ ይዟል። ኮሚቴው አላጠፋም፤ ደረሰኙም ቁጥሩም እውነት ነበር። ሾፌሩ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ ልዩነቱም ከደመወዙ እንዲቆረጥ ተወሰነ። ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ነው።

እውነቱን ለማየት ትንሽ ሒሳብ በቂ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 800 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 400 ጊዜ መቀጣጠል አለበት። የማይቀጣጠለው ሲሊንደር የደረሰውን ቤንዚን እንደ ወትሮው ይስባል፤ ነገር ግን ሥራ ሳይሠራበት በማርሚታው በኩል ወደ ውጭ ይተፋዋል። ሾፌሩ የጎደለውን ጉልበት ለማግኘት ቤንዚኑን ይበልጥ ይረግጣል። ስለዚህ ቤንዚኑ በእርግጥ ተሰርቋል፤ ሌባው ግን ከኮፈኑ ሥር ነበር።

በኅዳር ሁለተኛ ጋራዥ ኮምፕሬሽን ለካ። ኮምፕሬሽን ማለት ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚጭነው ማለት ነው። መለኪያው በአንደኛው ሲሊንደር 125፣ በሁለተኛው 130፣ በሦስተኛው 85፣ በአራተኛው 125 ፒ.ኤስ.አይ አሳየ። የፋብሪካው መጽሐፍ ለዚህ ሞተር የሚለው 171 ሲሆን የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ደግሞ 142 ነው። ጋራዡ ቁጥሮቹን ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቶ «አራቱም ሲሊንደሮች ሞተዋል፤ ሞተሩ ወርዶ ሙሉ እድሳት ያስፈልገዋል» የሚል ጽሑፍ ሰጠ። የዋጋው ዝርዝር ለቦርዱ ቀረበ። መኪናውን እንደቆመ ለመሸጥም ሐሳብ ያቀረቡ ነበሩ።

ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት ከቦርዱ አባላት አንዱ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ «በሬ ከመታረዱ በፊት ሌላ ሰው ይየው» አሉ። በከተማው ጠርዝ ላይ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ተጠሩ። እሳቸውም መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ሾፌሩን አስቀምጠው ጠየቁት።

«መቼ ነው የሚብስበት፣ ልጄ? ሲሞቅ ነው ሲበርድ? ሲቆም ነው ሲሮጥ?»

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ ሾፌሩ።

እሱም ያውቀዋል፤ አምስት ወር ሙሉ አብሮት ኖሯል። በሚኒሞ ሁልጊዜ እንደሚመታ፣ ዳገት ላይ ግን ሁልጊዜ ሳይሆን በእርጥብ ቀን እንደሚብስ ተናገረ። መካኒኩ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ይህ ሁለት በሽታ ሊሆን ይችላል» አሉ። ከዚህ በኋላ የተሠራው ሥራ ሁሉ የተመሠረተው በዚህች አነጋገር ላይ ነው።

በመጀመሪያ የኮምፕሬሽኑን ወረቀት ተቀብለው አዩ። «ይህ መጽሐፍ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ላለ ሰው ነው» አሉ። መኪናው የሚሠራበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ስስ ከሆነ ሲጨመቅም የሚሰጠው ቁጥር ዝቅ ይላል። ሒሳቡ ሲሠራ የመጽሐፉ 171 በዚያ ከፍታ ወደ 127 ገደማ፣ ዝቅተኛው 142ም ወደ 106 ገደማ ይወርዳል። እንግዲህ 125፣ 130 እና 125 ያሳዩት ሦስቱ ሲሊንደሮች ጤነኞች ናቸው። የታመመው 85 ያሳየው ሦስተኛው ብቻ ነው። ጤነኛ ሞተር ለእድሳት ሊገባ የነበረው መለኪያው ስለዋሸ አልነበረም፤ መለኪያው እውነቱን ተናግሯል፣ ያነበበው ሰው ግን የቆመበትን አገር ረሳ። በደጋ የሚኖር ባለመኪና ሁሉ ይህን ቢይዝ ይጠቅመዋል። ቁጥሩን ከመጽሐፉ ይልቅ አንዱን ሲሊንደር ከሌላው ጋር ማስተያየት ይበልጣል። መለኪያው ሲደረግ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የቤንዚኑ ፔዳል እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ ባትሪውም ሙሉ ሆኖ መሆን አለበት። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ውጤቱ አይታመንም።

ቀጥሎ የትኛው ሲሊንደር እንዳኮረፈ በሌላ መንገድ አረጋገጡ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የካንዴላ ገመዶቹን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፒንሳ አንድ በአንድ እያላቀቁ፣ የተላቀቀውን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩ። ደህና ሲሊንደር ሲላቀቅ ሞተሩ ወዲያው ይወድቃል። አንደኛው ሲላቀቅ ወደቀ፤ ሁለተኛውም አራተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ሲላቀቅ ግን የተለወጠ ነገር አልነበረም። ከመጀመሪያውም አልነበረማ! (ይህን ሥራ በባዶ እጅ የሚሞክር ሰው መኖሩ ያሳዝናል፤ በዚያ ገመድ ውስጥ የሚያልፈው ብዙ ሺህ ቮልት ነው።) በመኪናው ላይ የነበሩት አራት ካንዴላዎች ወጥተው በቅደም ተከተል በእንጨት ላይ ተሰለፉ። ሦስቱ ቀለማቸው ቡናማ ሆኖ ትንሽ ጥቀርሻ ያለባቸው ነበሩ፤ ካርቡራቶር በደጋ ቤንዚን ስለሚያበዛ ይህ አያስደንቅም። የሦስተኛው ጥቁርና እርጥብ ነበር፤ ሲሸተት ቤንዚን ነው። ይህ ካንዴላ ወደ አንደኛው ሲሊንደር ተዛወረ፤ እዚያ በደንብ ሠራ። የአንደኛው ወደ ሦስተኛው ገባ፤ እሱም ጠቆረ። በአምስት ወር ውስጥ የተገዙት አሥራ ሁለት ካንዴላዎች ሁሉ ንጹሐን መሆናቸው የተረጋገጠው በዚህች የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ወደ ገመዱ ዞሩ። የዚህ ዓይነት መኪና የካንዴላ ገመድ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ከ25,000 ኦም መብለጥ የለበትም። የሦስተኛው ገመድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲለካ ልኩን አላለፈም። መካኒኩ ግን ገመዱን በመኪናው ላይ በሚታጠፍበት አኳኋን አጠፉት፤ መለኪያው ወዲያው ቁጥር መስጠት አቆመ። ውስጡ ተበጥሶ ጫፍና ጫፉ ብቻ ይነካካ ነበር። ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ገመዱ ተመልሶ ተገጥሞ ጥቂት ውሃ ሲረጭበት፣ ከላስቲኩ እየወጣች ወደ ሞተሩ ብረት የምትዘል ሰማያዊ የእሳት ፍንጣሪ በዓይን ታየች። እርጥብ ቀን ለምን እንደሚብስበት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። የዲስትሪቢዩተሩም ክዳን ለስንጥቅ ተመረመረ፤ ደህና ነው። ገመዶቹ በሙሉ ተቀየሩ፤ ቅደም ተከተላቸውም 1-3-4-2 መሆኑ ተረጋገጠ።

መኪናው ዳገት ወጣ። ዝናብ ባይኖር ውሃ ተረጭቶበት ተፈተነ። አልቆራረጠም። ሾፌሩ ተደሰተ። ጋራዡ ደርሶ ሞተሩ በሚኒሞ ሲቆም ግን የማርሹ እጀታ እንደገና መርገብገብ ጀመረ።

ብዙ ጥገና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሁለት በሽታ አንድ ላይ ሲኖር አንዱ ሲድን ሌላው ይቀርና ባለቤቱ «ገመዱም አልነበረም፤ በከንቱ ተገዛ» ይላል። ከዚያ ሌላ ዕቃ ይገዛል። አዛውንቱ መካኒክ ግን ሁለት ብለው ስለጀመሩ አልተደናገጡም፤ አንዱ ወጥቷል፣ አንድ ቀርቷል።

የቀረው በሚኒሞ ብቻ የሚታይ ነው። በሚኒሞ የሚመታ ሞተር የትርፍ አየር መግቢያ ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ማኒፎልዱ ዙሪያ ውሃ ተረጨ፣ ወደ ፍሬኑ የሚሄደው ጎማ ታንቆ ታየ፤ ምንም ለውጥ የለም። (ይህን ፍተሻ በቤንዚን የሚሠሩ አሉ። የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት መኪናውንም ጋራዡንም ማቃጠል ነው።) ስለዚህ ወደ 85ቷ ቁጥር ተመለሱ።

በሦስተኛው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ተጨምሮ ኮምፕሬሽኑ እንደገና ተለካ። የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀው ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚደፍን ቁጥሩ በደንብ ከፍ ይል ነበር። የወጣው ግን 88 ነው፤ ከሞላ ጎደል ባለበት ቀረ። አየሩ የሚያመልጠው በታች ሳይሆን በላይ ነው ማለት ነው። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ቢሆን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጎረቤቱንም ሲሊንደር አብሮ ያወርደዋል፣ ወይም የራዲያተሩ ውሃ ያልቃል። ሁለቱም አልታዩም። ተጠርጣሪው ቫልቭ ሆነ።

የላይኛው ክዳን ተከፈተ። በዚህ ሞተር ስምንት ቫልቮች አሉ፤ ሞተሩ ሞቆ እያለ የማስገቢያ ቫልቮች ክፍተት 0.20 ሚሊ ሜትር፣ የማስወጫ ቫልቮች 0.30 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የማስገቢያዎቹ ደህና ነበሩ። የማስወጫዎቹ ሁሉ ጠብበዋል። የሦስተኛው ሲሊንደር ማስወጫ ቫልቭ ግን ጨርሶ ክፍተት የለውም፤ ከመለኪያዎቹ ሁሉ ስሷ፣ የ0.05ቷ እንኳ አልገባችም። ቫልቩ መዘጋት ሲገባው ጥቂት ተከፍቶ ይቀር ነበር ማለት ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር አየሩ የሚያመልጥበት ጊዜ ያገኛል፤ በፍጥነት ሲዞር ጊዜው ስለሚያጥር ይቀጣጠላል። ሜዳ ላይ ደህና፣ ሲቆም በሽተኛ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው።

ለምን ጠበበ? አንደኛው ምክንያት እርጅና ነው። ቫልቩ የሚያርፍበት መቀመጫ በዘመን ብዛት እየተበላ ሲሄድ ቫልቩ ወደ ቴስታታው ውስጥ ይሰምጣል፤ ጭራው ወደ ላይ ይወጣል፤ ክፍተቱም ይጠባል። ሌላኛው ምክንያት የተገኘው በመኪናው የጥገና ደብተር ውስጥ ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት «ቫልቭ ይጮሃል» ተብሎ ጠበቅ እንዲል ተደርጓል። ሰው ሞተሩ ሲንቀጫቀጭ ይሰጋል፤ ዝም ሲል ደስ ይለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ላላ ያለ ቫልቭ ይጮሃል፣ ጉዳቱም ዝግ ያለ ነው። የጠበቀ ቫልቭ ግን ድምፅ ሳያሰማ ይቃጠላል። ቫልቩ ሙቀቱን የሚያራግፈው ከመቀመጫው ጋር ገጥሞ በሚያርፍበት ቅጽበት ነውና፣ ካልገጠመ እንደ ምጣድ ሥር ፍም ይግላል።

ስምንቱም ቫልቮች ተስተካከሉ። የፈጀው ግማሽ ቀን፣ አንድ የክዳን ጓርኒሲዮንና የእጅ ዋጋ ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ታች ወርዶ የሞተሩን ዘይት አቅጥኖት ስለነበረ ዘይቱም ተቀየረ። ከአንድ ሳምንት ሥራ በኋላ ሦስተኛው ሲሊንደር ሲለካ 112 ሰጠ።

በዚህ ላይ አዛውንቱ መካኒክ ያሉት መሰማት አለበት። ሥራ አስኪያጁ «ዳነ?» ብለው ሲጠይቋቸው «ቆመ እንጂ አልዳነም» አሉ። 112 ለደጋ ከዝቅተኛው ልክ በላይ ነው፤ ይሁን እንጂ ከጎረቤቶቹ ያንሳል። የቫልቩ ጠርዝ በዚያ ሁሉ ወር ጥቂት ተቃጥሏል። በ1,000 ኪሎ ሜትር ክፍተቱ እንደገና እንዲታይ፣ ኮምፕሬሽኑም በየስድስት ወሩ እንዲለካ፣ ቁጥሩ ወደ 100 ከወረደ ቴስታታው ብቻ ወርዶ ያ ቫልቭ እንዲቀየር ጽፈው ፈረሙ። የሞተሩ ታችኛ ክፍል እንዳይነካ ከሥሩ አሠመሩበት።

ከአባላት መካከል «አዲሶቹ መኪኖች ኮምፒዩተር ስላላቸው ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም» የሚሉ አይጠፉም። ኮምፒዩተሩ በእርግጥ ይረዳል፤ ፒ 0303 የሚል ምልክት ካወጣ ሦስተኛው ሲሊንደር እየሳተ ነው ማለቱ ነው። ለምን እንደሚስት ግን አይናገርም። ካንዴላ ይሁን፣ ገመድ ይሁን፣ ቫልቭ ይሁን የሚለየው ያው እያፈራረቁ መፈተን ነው። እንዲያውም በአዲሶቹ ላይ ቸልታው ዋጋው ይከብዳል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን በጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ማጣሪያ አግሎ ያበላሸዋል። በማኅበራት እጅ ያሉ የቤንዚን ውሃ መሳቢያ ሞተሮችም አንድ ሲሊንደር ይኑራቸው እንጂ ፍተሻቸው ያው ነው፤ እሳት፣ ቤንዚን፣ ኮምፕሬሽን። የናፍጣ ሞተሮች መንገድ ሌላ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

የሾፌሩን ነገር በተመለከተ፣ መኪናው ከተሠራ በኋላ የቁጥጥር ኮሚቴው ሁለት አባላት አብረውት ተቀምጠው ሙሉ ታንክ ቤንዚን ተቀድቶ፣ መንገዱ በኪሎ ሜትር ተመዝግቦ ተፈተነ። በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፈ። ኮሚቴው ውጤቱን በቃለ ጉባኤ ይዞ ለቦርዱ አቀረበ። የተቆረጠው ገንዘብ ተመለሰለት፤ ማስጠንቀቂያውም ከማኅደሩ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባው ላይ ይቅርታ ሲጠይቁት ሾፌሩ አንድ ነገር ብቻ ለመነ። ከእንግዲህ ከመኪናው የሚወጣ ማንኛውም አሮጌ ዕቃ ከየት እንደወጣ ተጽፎበት በዩኒየኑ ግምጃ ቤት እንዲቀመጥ ነው። ጥያቄው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በዚያ ዩኒየን ግምጃ ቤት ዛሬ አንድ የእንጨት ጣውላ አለ፤ አራት ቀዳዳ ተበስቶበት፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብሎ ተጽፎበታል። አራት ካንዴላዎች ተሰክተውበታል። የሦስተኛው አሁንም ከሌሎቹ ትንሽ ይጠቁራል።